ያልተሸጠ ጫማ ገና ወጪ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ በኦንላይን ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ሐበሻ ብዙ ነው። ጫማ፣ የልጆች ልብስ፣ ሽቶ፣ የስልክ መለዋወጫ። አብዛኞቻችን ሌላ ሥራ አለን፤ ሽያጩ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚሠራ የጎን ሥራ ነው። የታክስ ወቅት ሲመጣ ታዲያ መካሪ አናጣም። "የገዛሽውን ሁሉ ራይት ኦፍ አድርጊው" እንባላለን፤ ወጪ ብለሽ ከገቢሽ ላይ ቀንሺው ለማለት ነው። የሚመክሩን ሰዎች ክፋት የላቸውም። ግን እውነቱ ግማሹ ብቻ ነው። እኔ የቀረውን ግማሽ የተማርኩት ከአይአርኤስ፣ ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ በመጣ ደብዳቤ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ አይደለሁም። ያለፍኩበትንና ከዚያ ወዲህ ያረጋገጥኩትን ነው የምጽፈው። የእናንተ ጉዳይ ከእኔ ሊለይ ስለሚችል ሥራውን የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ሰውየው ዘንድ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ካወቃችሁ ግን ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል።

የጀመርኩት ለልጆቼ የጠበቡ ልብሶችን ኢቤይና ሜርካሪ የሚባሉ የኦንላይን መሸጫዎች ላይ በመሸጥ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ለራሳችሁ ገዝታችሁ የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ከገዛችሁበት ባነሰ ዋጋ ብትሸጡ ትርፍ የለም፤ ግብርም የለበትም። ኪሳራውን ግን ተቀናሽ ማድረግ አትችሉም። በ60 ዶላር የገዛሁትን ጃኬት በ15 ሸጬ 45 ከሰርኩ ብሎ ነገር የለም። የግል ዕቃ ነው፤ አለቀ።

ነገሩ የተለወጠው ለመሸጥ ብዬ መግዛት ስጀምር ነው። ክሊራንስ የወጣ የልጆች ጫማ በብዛት እየገዛሁ፣ ፎቶ እያነሳሁ መለጠፍ ጀመርኩ። ለትርፍ ብላችሁ በቋሚነት የምትሠሩት ነገር በአይአርኤስ ዓይን ንግድ ነው። ኤልኤልሲ የሚባለውን የንግድ ድርጅት ባትከፍቱም ንግድ ነው። ገቢውም ወጪውም ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ላይ ይሞላል። የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ከገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር ይከተላል። ተቀጣሪ ስትሆኑ ግማሹን አሠሪያችሁ ይሸፍናል። እዚህ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እናንተው ናችሁ።

2022 የመጀመሪያው ሙሉ ዓመቴ ነበር። ገበያው ሞቀልኝ። ዓመቱ ሲያልቅ መሸጫ ድርጅቱ የሚልከው፣ 1099 ኬ የሚባለው ወረቀት መጣ። ጠቅላላ ሽያጭ 21,000 ዶላር ገደማ ይላል። ወደ ባንኬ የገባው ግን 15,000 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ኮሚሽንና የፖስታ ክፍያ ነው። ወረቀቱን ይዤ ታክስ የሚሠራልን ወንድማችን ጋ ሄድኩ። ፈጣን ሰው ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

"ለዕቃ ስንት አወጣሽ?" አለኝ።

"18,000 አካባቢ።"

"ሌላስ?"

ስልክ፣ ነዳጅ፣ ካርቶን፣ ፕሪንተር፣ ኢንተርኔት ብዬ ቆጠርኩለት። በግምት 3,000 አልነው። ደረሰኝ አሳዪኝ አላለም። ከገዛሽው ውስጥ ስንቱ ተሸጠ ብሎም አልጠየቀም። ከ21,000 ላይ ኮሚሽኑና ፖስታው፣ ዕቃውና ሌላው ሁሉ ሲቀነስ ወደ 6,000 ዶላር ኪሳራ ሆነ። ኪሳራው ከደመወዜ ላይ ተቀነሰና ሪፈንዱ፣ ማለትም የሚመለስልኝ ግብር፣ አበጠ። "አየሽ፣ ንግድ እንዲህ ነው ጥቅሙ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ያልተሸጠ ጫማ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሪፈንዱም አልቆ፣ ነገሩም ተረስቶ ነው። በፖስታ የሚደረግ ኦዲት ነበር። ስኬጁል ሲ ላይ የጻፍሽውን ወጪ በማስረጃ አስደግፊ፣ 30 ቀን አለሽ ይላል። ኦዲት ሲባል ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስለን ይሆናል። የአብዛኞቻችን ዓይነት ጉዳይ የሚያልቀው ግን በወረቀት ልውውጥ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። አይአርኤስ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚጀምረው በፖስታ ነው። በቴክስት ሊንክ ልኮ፣ ወይም ደውሎ በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚላችሁ ሌባ ነው። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን አካውንት ብትከፍቱ ብዙዎቹን ደብዳቤዎች እዚያው ታዩአቸዋላችሁ። ቀጥሎ ቀኑን ያዙ። ጊዜው ካልበቃችሁ ቀኑ ሳያልፍ ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ ጭማሪ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ይመድቡልኝ ማለት ትችላላችሁ። ዝም ማለት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። መልስ ካላገኙ ወጪውን በሙሉ ሰርዘው ሒሳቡን ያወጡታል። ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ ታክስ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ የሚሰጥ ነው።

እኔ መልስ ብዬ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት የዓመቱን የባንክ ስቴትመንት ነበር። በማርከር አቅልሜ፣ ደርዝ አስይዤ ሳየው በጣም ኮራሁበት። ችግሩ ስቴትመንት ለማን ስንት እንደተከፈለ እንጂ ምን እንደተገዛ አይናገርም። በዚያው ካርድ፣ ከዚያው መደብር፣ በዚያው ቀን ዳይፐርም ጫማም ገዝቻለሁ። 140 ዶላር የሚለው መስመር ውስጥ የንግዱ የቱ ነው? እኔም አላውቅም። ደረሰኞቹ በፌስታል ተጠቅልለው ነበር። ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። የመደብር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለሙ ይጠፋል፤ መኪና ውስጥ ከከረመማ ጭራሽ።

ያዳነኝ ስልኬ ነው። ብዙ መደብሮች በስልክ ቁጥር ወይም በኢሜይል አባል ስትሆኑ ግዢያችሁን ዝርዝር አድርገው ያስቀምጣሉ። አማዞን ላይ የገዛሁትም ኢሜይል ላይ የቀሩ ደረሰኞችም ተገኙ። ኢቤይና ሜርካሪ ደግሞ የሽያጭ ሪፖርት ያወርዳሉ። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ጫማ መቼ ተገዛ፣ መቼ ተሸጠ እያልኩ ሌሊት ሌሊት ስለቅም ከረምኩ። የማይቻል አይደለም። ግን ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት ነው፤ ያውም በፍርሃት።

በነገራችን ላይ "ደረሰኝ ባይኖርም ግምት ይቀበላሉ" የሚሉ አሉ። ይህ አባባል መነሻ አለው። ጆርጅ ኮሃን የሚባል የብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ቲያትር) ሰው ወጪ ያወጣ መሆኑ ግልጽ ሆኖ መዝገብ ግን አልያዘም ነበር። በ1930 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጭራሽ ከሚከለከል ተገምቶ ይፈቀድለት አለ። ደንቡ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ግምቱ የሚሰፈረው መዝገብ ባልያዘው ሰው ላይ ጠበቅ ተደርጎ ነው። ለመኪናና ለጉዞ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሕጉ ራሱ ዝርዝር ማስረጃ ስለሚጠይቅ ግምት አይሠራም። ስለዚህ በኮሃን አትመኩ።

እዚህ ላይ ሳለሁ አንዲት ጓደኛዬ ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ብዙ ሐበሻ አያውቀውምና ልብ በሉልኝ። ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ላለባቸው፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆሙ ክሊኒኮች ናቸው። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ወይም የሕግ እርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ነው ያሉት። አይአርኤስ በገንዘብ ይደግፋቸዋል እንጂ አያዛቸውም። የገቢው ጣሪያ በአብዛኛው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎችም ትምህርት ይሰጣሉ።

የተመደበችልኝ ጠበቃ ወረቀቴን አገላብጣ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። "ታኅሣሥ 31 ማታ ቤትሽ ውስጥ ስንት ያልተሸጠ ዕቃ ነበር?" እኔ የመጣሁት የስልክና የነዳጅ ወጪ ልከራከር ነበር። እሷ ግን ዋናውን አገኘችው።

ለመሸጥ የገዛችሁት ዕቃ በገዛችሁበት ቀን ተቀናሽ አይሆንም። ተቀናሽ የሚሆነው ሲሸጥ ነው። ስኬጁል ሲ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ክፍል አለ። ዓመቱ ሲጀምር በእጅ የነበረው ዕቃ፣ ሲደመር በዓመቱ የተገዛው፣ ሲቀነስ ዓመቱ ሲያልቅ ያልተሸጠው። የሚቀረው የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ነው፤ ከሽያጩ ላይ የሚቀነሰውም እሱ ብቻ ነው። የእኔ ሲሠራ መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረኝም፣ 18,000 ገዛሁ፣ በገዛሁበት ዋጋ 7,000 ገደማ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ተቀናሹ 11,000 ነው። ወንድማችን ግን 18,000ውን በሙሉ ቀንሶታል።

ደነገጥኩ። 7,000 ዶላር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ጠበቃዋ ሳቀች። "አልተወሰደብሽም፤ ወደ 2023 ተሻገረ እንጂ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የ2022 መጨረሻ ክምችት የ2023 መነሻ ክምችት ይሆናል። ጫማው ሲሸጥ ተቀናሽነቱም አብሮት ይመጣል። ተበላሽቶ ወይም ማንም ሳይፈልገው ቀርቶ ከጣላችሁት ደግሞ በመጨረሻው ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ፎቶ አንስታችሁ ቀኑን ጻፉበት። ይህን ከገባኝ በኋላ ታኅሣሥ ላይ "ታክስ እንዲቀንስልኝ" ብሎ ዕቃ የሚያከማች ሰው ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል። ታኅሣሥ 28 ገዝታችሁ ጥር ላይ የምትሸጡት ጫማ የዘንድሮን ግብር አንዲት ሳንቲም አይቀንስም።

ሌላው ነገር ለግል የተወሰደ ዕቃ ነው። ከክምችቱ ውስጥ ለልጆቼ ያጫማኋቸው ነበሩ። ማን አያደርገውም? ቅጹም ያውቀዋል፤ ግዢ በሚጻፍበት 36ኛው መስመር ላይ ለግል የወሰዳችሁት ተቀንሶ ይጻፍ ይላል። ስትወስዱ ማስታወሻ ያዙና ቀንሱት። ነውር የለውም።

በዓመቱ ውስጥ ወዲያው የሚቀነሱት ሌላ ዓይነት ናቸው። ካርቶን፣ ቴፕ፣ የአድራሻ ስቲከር፣ የፖስታ ክፍያ፣ የድርጅቶቹ ኮሚሽን። እነዚህን አብዛኛውን ሳንከራከር ተቀበሉኝ፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑና ፖስታው ራሱ ሪፖርቱ ላይ ተዘርዝሮ ነበር። ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ ላፕቶፕ የመሳሰለው ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ በመርህ ደረጃ በየዓመቱ እየተከፋፈለ የሚቀነስ ነው። ነገር ግን ለአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር የሆነውን በገዛችሁበት ዓመት በሙሉ እንድትቀንሱ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። ምርጫው ራሱን በራሱ አይሠራም፤ በየዓመቱ ከታክሱ ጋር መግለጫ መያያዝ አለበት። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው "አያይዘሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ላፕቶፑን ልጆቹ ለቤት ሥራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ የንግዱን ድርሻ ብቻ ነው የምትቀንሱት። ስልክና ኢንተርኔትም እንደዚያው። እኔ ሙሉውን አስገብቼ ነበር፤ አልተቀበሉኝም። ድርሻውን አስልቼ ስመለስ ግን ተቀበሉኝ።

መኪና ላይ ወደቅሁ። የማይል መዝገብ አልነበረኝም፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በ2025 አንድ የንግድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር። ዕቃ ፍለጋና ፖስታ ቤት የምትሄዱ ከሆነ በዓመት ቀላል ገንዘብ አይደለም። መዝገቡ ቀን፣ የት እንደሄዳችሁ፣ ለምን እንደሄዳችሁና ስንት ማይል እንደሆነ መያዝ አለበት። በማይል ከቀነሳችሁ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ደግማችሁ መቀነስ አትችሉም፤ በማይሉ ውስጥ አለ። ሁለቱንም ያስገቡ ሰዎች አውቃለሁ።

ቤት ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ሰው ሳይጠቀምበት የሚያልፈው ነው። "ለንግድ ብቻ የሚውል ክፍል የለኝም" ብለን እንተወዋለን። ለቢሮ እውነት ነው፤ ለሥራው ብቻና በመደበኛነት የሚውል ቦታ ይፈልጋል። ለሽያጭ ዕቃ ማስቀመጫ ግን ሕጉ ላላ ይላል። የንግዳችሁ ቋሚ ቦታ ቤታችሁ ብቻ ከሆነ፣ ዕቃው የሚቀመጥበት ተለይቶ የሚታወቅ ቦታ ካለና በመደበኛነት የምትጠቀሙበት ከሆነ ለንግድ ብቻ መሆን የለበትም። ቀላሉ አሠራር ለአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም እስከ 1,500 ዶላር ነው። እኔ ቁም ሣጥኑንና የመኝታ ቤቱን ጥግ በሜትር ለክቼ ፎቶ አነሳሁ። ወንድማችን ያላስገባልኝን ወጪ ያገኘሁት በኦዲት መሃል ነው ስል ሰው አያምነኝም።

በመጨረሻ ከ3,000ው ሌላ ወጪ 2,000 ያህሉ ቆመልኝ። 6,000 ኪሳራ የነበረው ወደ 2,000 ዶላር ትርፍ ተለወጠ። የሪፈንዱን ከፊል መለስኩ፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲውና የሜዲኬሩ ግብር ተጨመረ፤ ወለድም አለ። 20 በመቶ ቅጣት ሊጨመርበት ነበር። ጠበቃዋ ሁሉንም ለታክስ ሠሪው እንደነገርኩትና በእሱ ሥራ እንደተማመንኩ ጽፋ ጠየቀች፤ ቅጣቱ ተነሳ። ይህ ሁልጊዜ አይሳካም። የቀረውን በየወሩ ለመክፈል በኦንላይን አመለከትኩ፤ አይከብድም።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቀረ። የ2022 ሒሳብ ከተስተካከለ የ2023ም መስተካከል አለበት፤ ያ 7,000 ዶላር መነሻ ክምችት እዚያ አልተጻፈማ። 1040 ኤክስ በሚባለው ማረሚያ አስገባን፤ ከከፈልኩት ጥሩ ድርሻ ተመለሰልኝ። ማረሚያ ለማስገባት በአብዛኛው ታክሱን ካስገባችሁ 3 ዓመት አላችሁ። ኦዲት ሳይመጣባችሁ ስሕተታችሁን ካወቃችሁትም መንገዱ ይኸው ነው። ደብዳቤ ሳይመጣ ራስን ማረም ከቅጣትም ያድናል።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። ለንግዱ ብቻ የሚሆን የባንክ አካውንትና ካርድ አለኝ። ቢዝነስ አካውንት ባይሆን እንኳ የተለየ ይሁን። መደብር ውስጥ የቤቱንና የንግዱን ዕቃ በአንድ ደረሰኝ አልከፍልም፤ ካሸሯን "በሁለት ደረሰኝ አድርጊልኝ" እላለሁ። ደረሰኙን መኪና ውስጥ ሳልገባ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ አይአርኤስ በግልጽ የሚነበብ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይቀበላል። ፎቶው ሥር የምጽፈው አጭር ነው፦ "ለሽያጭ፣ 8 ጥንድ"። አንድ ሠንጠረዥ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የተሸጠበት ቀንና ዋጋ አለ። ታኅሣሥ 31 ባዶ የሆኑትን መስመሮች መደመር ነው፤ ያልተሸጠው እሱ ነው። ማስረጃ በአብዛኛው 3 ዓመት ይያዛል። ከገቢያችሁ ከሩብ በላይ ሳይነገር ከቀረ ግን 6 ዓመት ወደ ኋላ መመልከት ስለሚችሉ እኔ ቶሎ አልጥልም።

1099 ኬ ላይም አንድ ቃል። የሚጻፈው ኮሚሽን፣ ፖስታና ተመላሽ ሳይቀነስ ጥቅል ሽያጩ ነው። ባንክ የገባውን ብቻ ከጻፋችሁ አይአርኤስ ዘንድ ካለው ወረቀት ጋር አይገጥምም። ጥቅሉን ጻፉ፤ ከዚያ ተመላሹን በራሱ መስመር፣ ኮሚሽኑን በራሱ መስመር ቀንሱ። ወረቀቱ የሚላክበት መጠን ሲቀያየር ከርሞ ነበር። ሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ በፌዴራል ደረጃ ወደ ድሮው መልሶታል፤ ከ20,000 ዶላር በላይና ከ200 ሽያጭ በላይ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ስቴታችሁ ከ600 ዶላር ጀምሮ ነው የሚጠይቀው። ወረቀቱ መጣም ቀረም ገቢው ይነገራል።

ራይት ኦፍ የሚሉት ነገር ምን ያህል እንደሚያተርፍም አስሉት። 12 በመቶ የገቢ ግብር እርከን ላይ ያለ ሻጭ 100 ዶላር ወጪ ቢያስገባ በፌዴራል የሚቀርለት ከ23 እስከ 25 ዶላር ነው። ሰባ ምናምኑ ከኪሱ ወጥቷል። የማያስፈልገኝን ዕቃ ለተቀናሽ ብዬ መግዛት ያቆምኩት ይህን ሒሳብ ካየሁ ወዲህ ነው። ትርፍ ከጀመራችሁ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚመጣባችሁ ከመሰላችሁ በየሩብ ዓመቱ ቅድሚያ መክፈል አለ፤ ሚያዝያ 15፣ ሰኔ 15፣ መስከረም 15፣ ጥር 15፣ ሁሉም በፈረንጅ። ሌላ ሥራ ላለን ቀላሉ መንገድ ግን ደመወዛችን ላይ ትንሽ ተጨማሪ እንዲቆረጥ አሠሪያችን ዘንድ የሚቀመጠውን፣ ደብሊው ፎር የሚባለውን ቅጽ ማስተካከል ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በሪፈንዱ መጠን አትምረጡት። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁሉ ፒቲን የሚባል የታክስ ሠሪ መለያ ቁጥር ሊኖረውና ታክሱ ላይ ሊፈርም ግድ ነው። "አንቺ ራስሽ እንደሠራሽው አድርጌ ልላከው" ካለ ተነሱና ውጡ። ክፍያውን ከሪፈንዱ በመቶኛ የሚያሰላም እንደዚሁ። ስኬጁል ሲ ሲሞላ ስላልተሸጠ ዕቃችሁ እሱ ራሱ ካልጠየቀ ሌላ ሰው ፈልጉ። ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ) ወይም ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ትንሽ ውድ ነው፤ ግን ኦዲት ቢመጣ አይአርኤስ ፊት ሊወክላችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው የሚነካው ብዙዎቻችንን ነው። እናቴን ለማምጣት ሳመለክት የኢሚግሬሽን ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀኝ የመጨረሻውን ዓመት ታክስ ነው። የድጋፍ ቃል የምትገቡበት ቅጽ፣ አይ 864፣ ገቢያችሁ ለቤተሰባችሁ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። የሚታየው ደግሞ ከንግዱ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው እንጂ ጥቅል ሽያጩ አይደለም። ኪሳራ ካሳያችሁ ከደመወዛችሁ ላይም ይቀንሳል። ቤት ለመግዛት ባንክ ስትሄዱም የሚያዩት የሁለት ዓመት የተጣራ ትርፍ ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ እንኳ በ2025 ለዓመቱ አራት ክሬዲት (ለጡረታ የሚቆጠር ነጥብ) ይቆጥር የነበረው ከደመወዝና ከንግዱ የተጣራ ትርፍ ያገኛችሁት 7,240 ዶላር ሲሞላ ነበር። ገቢ ከፍ እንዲል ብሎ እውነተኛ ወጪን መደበቅም አይፈቀድም፤ ታክሱ ላይ የምትፈርሙት እውነት ነው ብላችሁ ነው። ማመልከቻ ያሰባችሁ ከሆነ ግን ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በር ላይ ሳላችሁ ንገሩት። ገቢው ካልሞላ አብሮ የሚፈርም ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልጋችኋል።